የኢሉስትሬሽን ተማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ በዲዛይን ፕሮጀክቶች ውስጥ እንዴት እንዳደግሁ

አራት ዓመት ሙሉ ኢሉስትሬሽን፣ ማለትም ለፖስተር፣ ለመጽሐፍና ለማሸጊያ የሚሆን ሥዕል፣ ተማርኩ። ስጀምር ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። በሰፈራችን የሰው ፊት አስመስሎ የሚስል ሌላ ልጅ አልነበረም፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እጇ የተባረከ ነው» ይለኝ ነበር። ለራሴ ደብተር ስስል ድክመቴ አይታይም። እጅ መሳል ካስቸገረኝ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ። ወንበር ካስቸገረኝ ሰውዬውን አቆመዋለሁ።

የዲዛይን ፕሮጀክት ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለውም። ቡና የምትቀዳ ሴት ከተባለ እጇ መታየት አለበት። መጠኑ ተወስኗል፣ ጽሑፉ ተሰጥቷል፣ ቀኑም ተቆርጧል። ያደግሁት እነዚህ ነገሮች አላስመልጥ ሲሉኝ ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች በሙሉ ሠርቻቸዋለሁ። አሁን ከእኔ በኋላ የመጡ ተማሪዎች ሲደግሟቸው ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመጀመሪያውን ሐሳብ ይዞ መሮጥ

የመጀመሪያው ፕሮጀክታችን ስለ እግረኛ ማቋረጫ ፖስተር ነበር፤ አሽከርካሪዎች ለሕፃናት ቅድሚያ እንዲሰጡ። ቤት እንደገባሁ ትልቁን ወረቀት ዘረጋሁና ጀመርኩ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ዜብራው ላይ የሚሻገር ልጅ፣ ከጀርባው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ፣ ዛፉ፣ ሕንፃው፣ ሁሉም አለ። የጠፋው ለጽሑፍ የሚሆን ቦታ ነው።

መምህራችን ሥዕሉን ትንሽ አየና «ሌላ ስንት አማራጭ አየሽ?» አለኝ። አንድም አላየሁም ነበር።

አሁን የክብሪት ቀፎ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን 20 ጊዜ እስላለሁ። 20 ትናንሽ ሳጥኖች ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሐሳብ፣ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ። ዝርዝር ነገር አይገባባቸውም። ጥቁሩ የት ነው፣ ነጩ የት ነው፣ ጽሑፉ የት ይቀመጣል፣ በቃ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ ማንም የሚያስባቸው ናቸው፤ ቀይ መብራት፣ የተዘረጋ እጅ፣ ዜብራ። እነሱ ወጥተው ካለቁ በኋላ ነው ሌላ ነገር የሚመጣው። ያንን ፖስተር ደግሜ ስሠራው 11ኛው ሳጥን ላይ መንገዱን በልጁ ዓይን አየሁት። ትንሽ ልጅ መኪና ፊት ሲቆም ጎልቶ የሚታየው ሹፌሩ አይደለም፤ የፊት መብራቱ ነው። ፖስተሩ ላይ ሁለት መብራትና መሐላቸው አንዲት ትንሽ ጥላ ቀረች። የላይኛው ግማሽ ባዶ ሆኖ ጽሑፉን ተቀበለ።

ያላየነውን ነገር አውቀዋለሁ ማለት

ይሄኛው ብዙ ዋጋ ያስከፈለኝ ነው። ፕሮጀክቱ የተቆላ ቡና ማሸጊያ ነበር። ጀበና የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ ብዬ ከጭንቅላቴ ሣልኩት። የጎደለውን ከስልክ ላይ ሞላሁ። መምህራችን አይቶ «ይቺ ሴትዮ ጀበናውን ልትጥለው ነው» አለ። እውነቱን ነበር። ጣቶቿ እጀታውን ነክተውታል እንጂ አልያዙትም።

በማግስቱ አራት ኪሎ፣ መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ጋ ሄድኩ። ዱካ ላይ ተቀምጬ አንድ ቡና አዘዝኩና ደብተሬን አወጣሁ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ካልከፋዎት እርስዎን ልሥል ነው እማማ።»

«እኔን ተይኝ፣ ጀበናዬን አሳምሪልኝ።»

ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ጀበናው ማቶቱ ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ አተላው እስኪሰክን ትንሽ ጋደም ይላል። እኔ እንደ ጠርሙስ ቀጥ አድርጌ ነበር የሣልኩት። ሲቀዱ አውራ ጣታቸው እጀታው ላይ ከላይ ይተኛል። ከፍ የሚለው ክርናቸው ነው፤ እጃቸው ብዙም አይንቀሳቀስም። ከአንዱ ሲኒ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቡናውን አያቋርጡትም፤ ቀጭን ጥቁር ክር መስሎ ረከቦቱ ላይ ከሲኒ ሲኒ ይሄዳል። አንገታቸው ደግሞ ወደ ጎን ዘንበል ይላል፣ ጢሱን ሲሸሹ። ያቺን የአንገት ዘንበል ማለት ከየትኛውም ፎቶ አላገኛትም ነበር። ማሸጊያው ላይ ሰው ሁሉ የወደደው እሷን ነው።

እግረ መንገዴን ሌላ ነገር ተማርኩ። የስድስት ሰዓት ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ጥላ እግር ሥር ይሰበሰባል፤ ቅንድብና አፍንጫ ሥር ይጠቁራል። ብርሃን አሣሣል የተማርኩት ግን ከፈረንጅ ቪዲዮ ነው። እዚያ ጥላው ረጅም ነው፣ ወደ ጎን ይተኛል። ለሁለት ዓመት ያህል የሣልኳቸው የአዲስ አበባ መንገዶች በሙሉ የሌላ አገር ፀሐይ ነበር የበራባቸው።

ስትሥሉ ፈቃድ ጠይቁ። ስትጨርሱ ደግሞ አሳዩ። ብዙ ሰው ይጫወታል፣ ያስተካክላችኋልም።

ፊደልን መጨረሻ ላይ መለጠፍ

ብዙዎቻችን ሥዕሉን እንጨርስና ጽሑፉን በቀረችው ክፍት ቦታ እንጨምራለን። ከዚያ አልገባ ይላል። አልገባ ሲል በኮምፒውተር እንጨፈልቀዋለን ወይም እንለጥጠዋለን። በአማርኛ ደግሞ ይሄ ጉዳቱ ይብሳል። በብዕር የተጻፈ ፊደላችን ቋሚው መስመር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። ወደ ጎን ሲለጠጥ ቋሚው ያብጣል፤ የፊደሉ መልክ ይጠፋል። «ሊ» እና «ሌ» የሚለዩት እግር ሥር ባለች ትንሽ ነገር ነው። ያቺ ከተጨፈለቀች ከታክሲ ውስጥ የሚያየው ሰው አንዱን ከሌላው አይለይም።

ሌላም አለ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። በእንግሊዝኛ የተሠራ ፖስተር አይተን፣ ርዕሱን በትልልቅ ፊደል እንዲጮህ ያደረጉበትን መንገድ እዚህ ልንደግመው አንችልም። እኛ ያለን ውፍረት፣ መጠን፣ ቀለምና ባዶ ቦታ ነው። አባቶቻችን ይህን ቀድመው ፈትተውታል። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገብታችሁ የብራና መጻሕፍቱን እዩ። የቅዱሳን ስምና የመክፈቻው መስመር በቀይ ነው፤ ሌላው በጥቁር። በሁለት ቀለም ብቻ ገጹ ላይ ዓይን የት እንደሚያርፍ ወስነዋል። ከገጹ አናት ላይ ያለው ሐረግ የሚባለው ጌጥ ደግሞ ከጽሑፉ ጋር አብሮ የታሰበ ነው። ጥልፍልፉ ወርዶ በጽሑፉ ዓምዶች መካከል ያልፋል።

እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው፣ 231ዱን፣ በቀን አሥር አሥር እያልኩ በእጄ ሣልኳቸው። አንድ ወር እንኳ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ፊደል ሥዕል ላይ የሚለጠፍ ነገር መስሎኝ አያውቅም። አሁን ከክብሪት ሳጥኗ ንድፍ ጀምሮ አብሮ ይገባል።

ስታይል ፍለጋ

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሁላችንም አንድ በሽታ ያዘን። «የራሴ ስታይል የለኝም» የሚል። ግማሻችን ኢንስታግራም ላይ ያየነውን ቀዳን። ግማሻችን፣ እኔን ጨምሮ፣ ኢትዮጵያዊ ለመሆን ብለን ትልልቅ ዓይን ያላቸውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ሁሉም ቦታ መጠቀም ጀመርን።

የተረት መጽሐፍ ሽፋን ተሰጠን። ልጆችን ሰብስበው ተረት የሚነግሩ ሽማግሌ ሣልኩ። ባህላዊ አሣሣል ነው ብዬ አንድ ዓይናቸው ብቻ እንዲታይ ፊታቸውን ወደ ጎን አዞርኩት። መምህራችን ዝም ብሎ ቆየና «አባባ ምን አድርገውሽ ነው?» አለኝ። አልገባኝም። ለካ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሰይጣን፣ ይሁዳ ወይም ክፉ ሰው ነው። መልኩን ወስጄ ትርጉሙን ጥዬዋለሁ። ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያንን ሽፋን ቢያይ ደጉን ሽማግሌ ክፉ አድርጌ እንደሣልኳቸው ነበር የሚያነበው።

ስታይል ከየት እንደሚመጣ የገባኝ የአፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች አጠገብ ለአጠገብ ሳነጻጽር ነው። ፒያሳ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ውስጥ ሥዕሎቹ አሉ። አፍሪካ አዳራሽ ደግሞ በ1953 ዓ.ም አካባቢ የተሠሩት ሦስት የመስታወት ሥዕሎቹ አሉ፣ በድምሩ 150 ካሬ ሜትር ገደማ። መስታወት በመስመር እየተለያየ ስለሚገጣጠም ቅርጹ እንዲቆራረጥ፣ ቀለሙ እንዲደምቅ ያስገድዳል። እጁ ያው ነው። የተለየው ዕቃው፣ ቦታውና ብርሃኑ ነው። ያንን ካየሁ በኋላ ስታይል መፈለግ ተውኩና እያንዳንዱ ሥራ ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ ጀመርኩ።

ለሕፃናት መጽሐፍ የምትሠሩ ደግሞ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየውን ባህላዊ ሥዕል ልብ ብላችሁ እዩት። ብዙውን ጊዜ 44 ሳጥን አለው፤ በአንድ ሳጥን አንድ ድርጊት። ማንበብ የማይችል ሰው ከዳር እስከ ዳር ይከተለዋል።

«ቆንጆ ነው» ለሚል ሰው ብቻ ማሳየት

ጓደኛ ይወዳችኋል፣ ስለዚህ አይጠቅምም። ስለ አንዲት ኤሊ ባለ 12 ገጽ የሕፃናት መጽሐፍ ሠርቼ ክፍሉ ሁሉ ቆንጆ ነው አለኝ። የ5 ዓመት የእህቴ ልጅ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመና «ኤሊዋ ለምን ታለቅሳለች?» አለኝ። አታለቅስም፤ ዝናብ እየዘነበ ነው። አንዲቱ የዝናብ ጠብታ ልክ ዓይኗ ሥር አርፋለች። እኔ ታሪኩን ስለማውቅ አላየኋትም። እሱ ያየው የተሣለውን ነው።

«እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን ይታይሃል?» በሉና ዝም በሉ። ለማስረዳት አፋችሁን ከከፈታችሁ ሥዕሉ አልተናገረም ማለት ነው።

ማተሚያ ቤትን መርሳት

ስክሪን ብርሃን ነው፤ ወረቀት ላይ ያለው ግን ቀለም ነው። በስክሪን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን የታየው ነገር ሲታተም በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ይተካል። የሚያበራ አረንጓዴዬ የደረቀ ጎመን መስሎ ወጣ። 200 ቅጂ ታትሞ ነበር። ፋይሉን ስትጀምሩ የኅትመት ቀለም ላይ አድርጉት። ጥራቱ በኢንች 300 ነጥብ ይሁን። ሥዕሉ ከሚቆረጥበት መስመር ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ይለቅ፤ አለበለዚያ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር ይቀራል። ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና በእጃችሁ ያዙ። ከሠራተኛው ጋር ተግባቡ፤ ስለ ወረቀት ከእሱ ብዙ ትማራላችሁ።

ሥራ ስትቀበሉም አራት ነገር ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ። ለማን ነው፣ ስንት በስንት ነው፣ መቼ ይፈለጋል፣ ስንት ጊዜ ይታረማል።

የድሮ ደብተርን መጣል

ያ የመጀመሪያው የዜብራ ፖስተሬ ትምህርት ቤት ቀርቶ ነበር። ልመረቅ ስል ሰጡኝና ከአዲሱ ጎን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ያሻሻልኩት ብዙ ነው። ግን ያጣሁትም አለ። የድሮው ላይ የልጁ እግር በአንድ ምት የወጣ መስመር ነው፤ የእርሳስ እርማት የለውም፣ ፍርሃትም የለውም። አዲሱ ላይ ያ መስመር የለም። ያንን መልሼ ለማምጣት እየሠራሁ ነው። ፖስተሩ ባይቀር ኖሮ መጥፋቱን እንኳ አላውቅም ነበር።

ሌሎቹን ግን እኔው አጠፋኋቸው። በ2013 ዓ.ም፣ አንደኛ ዓመት እያለን፣ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ እየሄድን እንሥል ነበር። የእንጨት በረንዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተንጠለጠለ ልብስ፣ ጠባብ ደረጃ። ሦስት ደብተር ሞልቶ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳያቸው አፈርኩባቸው። ግድግዳው ጠምሟል፣ ደረጃው አይገጥምም። አንድ እሑድ ጠዋት ለከሰል ማያያዣ አደረግኋቸው።

በ2016 ዓ.ም ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ።

አሁን የምሥለው ገጽ ሁሉ ጥጉ ላይ ቀንና ቦታ አለው። የማልወደውም አይቀደድም። ከእነዚያ ሦስት ደብተሮች የቀረችኝ አንዲት ገጽ ናት። ጀርባዋ ላይ ስልክ ቁጥር ጽፌባት ስለነበር ነው የተረፈችው። አንድ መስኮት አለ፤ አንዱ መከለያ ክፍት፣ ሌላው ዝግ። ደፉ ላይ አንድ ጣሳ አበባ። ጥላው ወደ ጎን ረጅም ሆኖ ተኝቷል፣ በቀትር።