ፕላኑ ሳይጸድቅ፦ የድሬዳዋ ነዋሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰፈሩ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ላይ ሕዝባዊ ውይይት አለ ተብሎ ሲጠራ፣ አብዛኛው ሰው ቀኑን እንኳን አያስታውሰውም። ሊፈርስ ነው ተብሎ የግቢው በር ላይ ቀለም ሲቀባ ግን ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። የነዋሪ ቃል ክብደት የሚኖረው ከጥሪው እስከ ቀለሙ ባለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ እንዲሁ ሲባክን ማየት ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ በየስብሰባው ሲደጋገሙ ያየኋቸውን ስህተቶች ልጻፍ።

«አልቆ ነው የሚጠሩን» ብሎ መቅረት

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ነዋሪው በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ይደነግጋል፤ ለመዋቅራዊ ፕላንም የ10 ዓመት ዕድሜ ሰጥቶታል። ሁላችንም «ማስተር ፕላን» እያልን የምንጠራው ነገር እንግዲህ ጊዜውን ጠብቆ የሚከለስ ሰነድ ነው። ረቂቅ ላይ ያለ መስመር ሊነሳ፣ የተፈቀደ የፎቅ ብዛት ሊቀነስ ይችላል። ከጸደቀ በኋላ ግን ክርክሩ ባብዛኛው ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቦታ ይሆናል።

ካርታውን ከሩቅ ዓይቶ መመለስ

አንድ ቀን በቀበሌ አዳራሽ ካርታው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ሆኖ ያያል። ሰፈሩ ካርታው ላይ ቢጫ ይሁን ቡናማ የሚያውቅ የለም። አንዲት እናት ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና ካርታው ሥር ሄደው ቆሙ። «ልጄ፣ እኔን እዚህ ላይ አሳየኝ» አሉት ባለሙያውን። ወጣቱ ከመስጊዱ ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ወደ ግቢያቸው ደረሰ። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮች ነበሩ፤ ለመንገድ ማስፊያ የታሰበው ቦታ ወጥ ቤታቸውን አቋርጦ ያልፋል። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

እናታችን ያደረጉትን አድርጉ። በ1 ለ 2,000 መጠን በተሠራ ካርታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ ሁለት ሜትር ነው፤ የብዕር መስመር ውፍረት አንድ ግድግዳ ይውጣል ማለት ነው። የይዞታ ማረጋገጫችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበ (ቀለሙ የሚያሳየው ይህን ነው)፣ እስከ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ፣ የመንገዱ ስፋት ስንት እንደሆነ። ሰው ስለ ቀለሙ ብዙ ይከራከራል። ቤት የሚነካው ግን ብዙ ጊዜ መንገዱ ነው።

ደቻቱን ደረቅ አሸዋ አድርጎ ማየት

ይህ ስህተት ከሌሎቹ ሁሉ ይከፋል። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለበትም፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ስለዚህ «ባዶ ቦታ ለምን ለሱቅ አይፈቀድም?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል፤ ጠያቂውም ብዙ ጊዜ ሥራ የሚፈልግ ቅን ሰው ነው። ነገር ግን ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል በአንድ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ውሃው የወረደው ከሐረርጌ ደጋ ነው፤ ከተማው ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ሰማይ እያየ አደጋውን ሊያውቅ አይችልም ነበር። በላይኛው ተፋሰስ ደኑ ሲመነጠር ውሃው ፈጥኖ ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ ግንባታ ወደ ወንዙ በገፋ ቁጥር ማለፊያው ይጠብበታል። ስለዚህ ረቂቁ ላይ ከወንዙ ዳርቻ ስንት ሜትር ክፍት እንደተተወ ጠይቁ። ቁጥሩ ከቀድሞው ፕላን ካነሰ፣ ምክንያቱ በዝርዝር ይነገራችሁ። በጎርፍ መከላከያው ግንብ ብቻ አትተማመኑ፤ ግንብ የሚሠራው ለተገመተ የውሃ መጠን ነው።

ለከዚራና ለመጋላ አንድ ደንብ መመኘት

ከዚራ ከባቡሩ ጋር የመጣ፣ ፈረንሳዮች በቀጥታ መንገድ የከፈሉት፣ ዛፍ የተተከለለት ሰፈር ነው። መጋላ ደግሞ ከደቻቱ ማዶ፣ በጠባብ መንገዶቹና በፊት ለፊት ሱቆቹ ይኖራል፤ ሱቁ ከፊት፣ ቤተሰቡ ከኋላ። መኖሪያና ንግድን ፈጽሞ የሚለይ ደንብ መጋላ ላይ ቢጫን እንጀራ ይቆርጣል። ከዚራ ላይ ደግሞ ከፍታን ያለ ገደብ መልቀቅ ጥላውን ያሳጣል፤ በድሬ ቀትር የዛፍ ጥላ ምን እንደሆነ ለድሬ ሰው አልነግርም። «ቅይጥ አገልግሎት» የሚለውን ቃል፣ ማለትም መኖሪያና ሥራ በአንድ ቦታ መፈቀዱን፣ ስትሰሙ የትኛው ሥራ ይፈቀዳል፣ የትኛው ይከለከላል ብላችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ። የልብስ ስፌትና የብረታ ብረት ሥራ ከመኝታ ቤት ግድግዳ አጠገብ እኩል አይደሉም።

ተናግሮ መሄድ

በቃል የተነገረ ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ በአንድ መስመር ያልቃል፤ «ነዋሪዎች ቅሬታ አቅርበዋል» ተብሎ። በጽሑፍ አስገቡ፣ የይዞታ ቁጥራችሁን ጥቀሱ፣ ምን እንዲለወጥ እንደምትፈልጉ በሜትር ጻፉ፣ ቀንና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ አስቀሩ።

በረቂቅ ላይ ተማምኖ መግዛትና መሥራት

ደላሎች ከፕላኑ ይቀድማሉ። «ይህ ቦታ ንግድ ሊሆን ነው» ይባልና ዋጋው ይወጣል፤ ገዢው ያለውን ሁሉ ሸጦ ይከፍላል፤ ረቂቁ ግን ሲጸድቅ ሌላ ሆኖ ይመጣል። ፕላኑ እንደተባለው ቢጸድቅም ለውጡ በራሱ ፈቃድ አይሆንም። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የቦታን አገልግሎት ለመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሕንፃ ሕጉም የቤትን አገልግሎት ከመለወጣችሁ በፊት እንዲሁ። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ቦታው የፕላን መረጃ ጠይቁ። ሻጩ የሚያሳያችሁ የፕላን ካርታ ላይም የጸደቀበት ቀንና ማኅተም እንዳለ እዩ፤ ከሌለ የያዛችሁት ረቂቅ ነው።