ጥንቸል ቤት ውስጥ ልያዝ ወይስ ይቅር? ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሥራ

ጥንቸል የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ገበያ ላይ ቆሞ ነው። ልጅ ያለቅሳል፣ ሻጩ ካርቶን ይጨምራል፣ ነገሩ ያልቃል። በደንብ የተያዘች ጥንቸል ግን ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ 10ኛ ክፍል ሲደርስ እሷ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሣሯን ትጠብቃለች። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ጥንቸሏ ሳትመጣ የሚያልቅ ነው፤ አንድ ወር ይፈጃል። ለሌለች ጥንቸል ወር ሙሉ ቦታ ማሰናዳት ሞኝነት ከመሰለዎት ውሳኔው ያኔውኑ ታውቋል፤ ዶሮ ይሻልዎታል።

1. የቷን ጥንቸል ነው ያሰቡት?

በአማርኛ ጥንቸል የምንላቸው ሁለት የተለያዩ እንስሳት ናቸው። አንዷ በመንዝና በጣርማ በር ሜዳ እረኛ የሚያሳድዳት፣ ጆሮዋ ረጅም፣ እግሯ ቀጭን የዱር ጥንቸል ናት። ጉድጓድ ቆፍራ አትኖርም፤ ልጇም ፀጉር ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ሜዳ ላይ ይወለዳል። ሰው ቤት አትለምድም። ተይዛ የመጣች ግልገል አብዛኛውን ጊዜ ቀናት አትቆይም፤ እረኛ ይዞልዎት ቢመጣ ካገኘበት ቦታ መልሶ እንዲያኖራት ይንገሩት።

የቤት ጥንቸል ዘሯ ከወደ ስፔንና ፖርቱጋል ነው። ጉድጓድ ቆፋሪ ናት፤ ልጆቿ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ። ለቤት የምትሆነው ይቺ ብቻ ናት። ሲሰለቿት ደግሞ «ሜዳ ላይ ልልቀቃት» የሚባል ነገር የለም፤ ለቀበሮ ወይም ለሸለምጥማጥ ራት መስጠት ነው።

2. የቤቱን ሰው ያስማሙ

አከራይ ካለዎት ቀድመው ይጠይቁ። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ እዚህ ላይ ያቁሙ፤ ፀጉሯ ብቻ ሳይሆን የሣሩ አቧራም ያስነሳበታል። እናት ወይም አያት አብረው የሚኖሩ ከሆነ ነገሩን በግልጽ ያንሱ። ዘሌዋውያን 11፥6 ጥንቸልን ከማይበሉት ይቆጥራታል፤ ክልከላው ስለ ሥጋዋ ቢሆንም ዕቃ ያለበት ጓዳ ውስጥ እንድትዞር የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው። ይህን ሳይነጋገሩ የገባች ጥንቸል በሳምንቱ ደጅ ትወጣለች፣ ደጅ ደግሞ ድመትና ውሻ አለ። በነገራችን ላይ ጾም የማያስቸግራት እንስሳ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናት።

3. ጥንቸሏን ሳይሆን ድርቆውን ይግዙ

ውሳኔው ያለው እዚህ ነው። ጥንቸል ካሮት በሊ ናት የሚባለው ወሬ ነው፤ ምግቧ ሣር ነው፣ ከምትበላው ከአምስት እጅ አራቱ የደረቀ ሣር፣ ማለትም ድርቆ መሆን አለበት። ምክንያቱ ሁለት ነው። የፊት ጥርሶቿ በሳምንት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያድጋሉ፣ ዕድሜዋን ሙሉ አያቆሙም፤ የመንጋጋዎቹም እንደዚሁ ያድጋሉ፣ የሚሞርዳቸው ሣር ማኘክ ነው። ሁለተኛው አንጀቷ ነው። ረጅም አሰር ያለው ምግብ ሳያቋርጥ ካልገፋው ይቆማል፤ እሷ ደግሞ ማስመለስ አትችልም። 12 ሰዓት ያልበላች ጥንቸል «ዛሬ አኩርፋለች» አይባልላትም፣ ወደ ሐኪም ትሄዳለች።

መጠኑን ያስሉት። 2.5 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ድርቆ ትበላለች፤ የምትረግጠውንና የምትበትነውን ጨምረው 150 ግራም ይያዙ። በዓመት 55 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለከብት ባለቤት ይህ ቁጥር አይባልም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ግን ጥያቄው ገንዘቡ ሳይሆን ማስቀመጫው ነው።

የሚገዛው ክረምቱ ወጥቶ ሣር ሲታጨድ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ያኔ ይረክሳል፣ ቀለሙም ገና አረንጓዴ አለው። ሲገዙ ከላይ ያለውን አይመልከቱ። እጅዎን እስከ ክንድዎ ድረስ ወደ እስሩ መሀል ይስደዱ፤ ውስጡ ከሞቀ ወይም ከረጠበ ይለፉት፣ እርጥብ ሆኖ ታስሯል ማለት ነው። ከዚያ አንድ እፍኝ መዘው በፀሐይ ፊት ያራግፉ። የሚወርደው አሸዋና ፍሬ ከሆነ ግድ የለም። እንደ ዱቄት ጭስ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ ሻጋታ ነው፤ ከብት ሊችለው ይችላል፣ ጥንቸል አትችለውም። የሰርዶ ድርቆ ካገኙ አይለፉት።

ሲያስቀምጡ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ግድግዳ ሳያስነኩ፣ በጆንያ ያድርጉት። በፕላስቲክ ከረጢት አፍኖ ማስቀመጥ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ድርቆው ያልበዋል፣ በሦስተኛው ሳምንት ውስጡ ነጭ ይሆናል። ጭጋግ የማይለየው ጣርማ በርና ደብረ ሲና አካባቢ ይህ ይበልጥ ይፈጥናል።

አሁን ፈተናው። ለአንድ ወር የሚበቃ 5 ኪሎ ገዝተው፣ ለማኖር ባሰቡበት ቦታ 30 ቀን ያቆዩት። በ31ኛው ቀን ከፍተው ያሽቱ። የሣር ሽታ ካለው ቤትዎ ጥንቸል ይችላል። የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ ቦታ ቀይረው እንደገና ይሞክሩ፤ ሁለተኛውም ከከሸፈ ይቅርብዎ። ክረምት ላይ እርጥብ ሣር እያጨድኩ አበላታለሁ ብለው አያስቡ፤ ታጭዶ ተከምሮ የሞቀ ሣር ሆዷን ይነፋታል።

የቀረው ምግብ ቀላል ነው። ጭድ ለምኝታ ይሁን፤ በተለይ የገብስ ጭድ ሹል ጢሙ ዓይንና አፏን ይወጋል። ማገጥና ጎመን በትንሹ፣ ካሮት ከአውራ ጣት ጫፍ አይለፍ፣ ፉርሽካ በቀን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይብለጥ። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ቆሎ፣ ባቄላ፣ የዶሮ መኖ፣ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ የድንች ቅጠል ፈጽሞ አይሰጥም። ንጹሕ ውኃ በማይገለበጥ ከባድ ሳህን፣ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ። የበዓል ቄጤማ ስታይ እንደምትሮጥበት ይወቁ፤ ከየትኛው ቦይ እንደታጨደ ስለማይታወቅ የዚያን ቀን ከሳሎን ያርቋት።

4 እና 5. ወለል፣ ግድግዳ፣ ገመድ

ሁለቱን አብረው ይሥሩ። ከክፍሉ አንድ ጥግ ቢያንስ 2 ሜትር በ1 ሜትር ይከልሉ፣ ከፍታው 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የዶሮ ሽቦ አይግዙ፣ በጥርሷ ትበጥሰዋለች፤ የተበየደ ወፍራም ሽቦ ይሻላል። ወለሉ ሽቦ አይሁን። መዳፏ እንደ ውሻ ሥጋዊ ትራስ የለውም፣ ፀጉር ብቻ ነው፤ ሽቦ ላይ የምትኖር ጥንቸል ተረከዟ ይቆስላል። ሊሾ ወይም ሴራሚክ ያንሸራትታታልና ጆንያ ያንጥፉበት። የፕላስቲክ ምንጣፍ ግን ያንሱት፤ ትበላዋለች፣ አንጀቷን ይዘጋዋል።

ቤትዎ የጭቃ ከሆነ ከግድግዳው ሥር ይጠብቁ። በመጀመሪያው ሌሊት መጫጫር ነው፣ በሦስተኛው ልስኑ ረግፎ ጭራሮው ይታያል። ከታች ግማሽ ሜትር ያህል ጣውላ መምታት ከዚህ ያድናል። ከክልሉ ውጭ በቀን ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ስትለቀቅ ደግሞ ተንበርክከው፣ በእሷ ቁመት ሆነው ክፍሉን ይመልከቱ፦ የምጣዱ ገመድ፣ ኤክስቴንሽኑ፣ ቻርጀሩ። የውኃ ላስቲክ ቱቦ በርዝመቱ ሰንጥቀው ገመዱን ያልብሱት፤ ለዚህ ብልሃት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ቡና ሲፈላ የከሰሉና የእጣኑ ጭስ የሚንሳፈፍበት ክፍል ከሆነ ጥጉን ሌላ ክፍል ውስጥ ያድርጉት፤ ሳንባዋ ጭስ አይወድም።

ለሽንቷ አንድ ሰፊ ሳፋ ይበቃል። ጋዜጣ፣ በላዩ ጭድ፣ ከዚያ የምትበላውን ድርቆ ከሳፋው ጠርዝ ላይ ይስቀሉ። ጥንቸል እየበላች ነው የምትጸዳዳው፤ ድርቆው ሌላ ቦታ ከሆነ ሳፋውን በዱላ ቢያስተምሯትም አትለምድም። የባሕር ዛፍና የጽድ ፍቅፋቂ አይጠቀሙ፣ ሽታው ለአፍንጫዋ ይከብዳል። ነጭ ሆኖ የተጋገረውን ሽንት አቼቶ ያለቅቀዋል። በረኪና በሽንት ላይ አያፍስሱ፤ ከአሞኒያው ጋር ተገናኝቶ የሚወጣው ጋዝ ለእርስዎም አደገኛ ነው። በቀን ከ200 በላይ ደረቅ ክብ ፍግ ትጥላለች፤ ቀጥታ ጎመን መደብ ላይ ይገባል። አንዳንዴ ከራሷ ላይ ለስላሳ ፍግ ስትበላ ቢያዩ አይደንግጡ፣ ምግቧን ሁለተኛ ዙር እየፈጨች ነው።

6. የሚኖሩት ደጋ ነው ቆላ?

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ቢወርድም ደረቅና ነፋስ የማይገባበት ቦታ ላለች ጥንቸል ምንም አይደለም። የሚገድላት እርጥበትና የበር ሥር ነፋስ ነው። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጥንቸል አታልብም፤ ሙቀቷን የምታወጣው በጆሮዋ ነው፣ ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን ትጨነቃለች። ጆሮዋ ከጋለ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ጆሮዋን በቀዝቃዛ ውኃ ያርጥቡ፤ በረዶ አያስነኩ። የጭቃ ቤት ወይም ቀዝቃዛ ወለል የሌለው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ያለው የቆላ ሰው ባይገዛ እመክራለሁ።

7. «ሁለቱም ሴት ናቸው» የሚለውን አይመኑ

ሻጮች ሆን ብለው ሳይሆን ስለማያውቁ ይሳሳታሉ። ዕድሜዋ 8 ሳምንት ካለፈ በኋላ ከብልቷ በላይና በታች በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይጫኑ፦ ረዘም ያለ ስንጥቅ ሴት፣ ክብ ሆኖ የሚወጣ ወንድ ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ የ4 ወር ጥንቸል ይግዙ፣ ያኔ የወንዱ ቆለጥ ይታያል።

ለምን ይህን ያህል? ሴቷ ከ30 እስከ 32 ቀን አርግዛ ትወልዳለች፣ በወለደችበት ቀን እንደገና ልትፀንስ ትችላለች። በአንድ ጊዜ ስድስት ወይም ስምንት ልጅ የተለመደ ነው። በግ ቢሆን የሚረከብ አይጠፋም፤ የጥንቸል ሥጋ በማይበላበት አገር ስምንቱን ማን ይወስዳቸዋል? ሁለት መያዝ ከፈለጉ ሁለት ሴት እኅትማማቾች ይሁኑ። ሁለት ወንዶች ሲያድጉ እስከ ደም ይጣላሉ።

8. ሐኪሙን አስቀድመው ያግኙ

በሰሜን ሸዋ ዞን ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ሥራቸው በአብዛኛው ከከብት፣ ከበግና ከጋማ ከብት ጋር ነው። ሄደው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ጥንቸል አክመው ያውቃሉ? ለጥንቸል የማይሰጠውን መድኃኒት ያውቃሉ? መልሱ እርስዎንም ይመለከታል። ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ወይም አምፒሲሊን በአፍ የተሰጣት ጥንቸል የአንጀቷ ጠቃሚ ባክቴሪያ አልቆ ልትሞት ትችላለች። ለውሻ ቁንጫ የሚረጨው ፊፕሮኒልም መርዟ ነው። ጆሮዋ ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ካዩ የጆሮ እከክ ነው፤ ቅርፊቱን አይላጡ፣ ሥሩ ቁስል ነው።

9. ልጅ ካለ፣ በፎጣ ይለማመድ

ጥንቸል መታቀፍ አትወድም። ወደ ላይ ስትነሳ ጭልፊት የነጠቃት ያህል ትፈራለች፣ በኋላ እግሮቿ በኃይል ትራገጣለች፤ በዚያው ርግጫ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። ስለዚህ 2 ኪሎ ዱቄት በፎጣ ጠቅልለው ለልጁ ይስጡት፦ አንድ እጅ ከደረት ሥር፣ ሌላው መቀመጫዋን ደግፎ፣ ወደ ሆዱ አስጠግቶ። ጆሮ መያዝ የለም። ፎጣው በልምምዱ ከእጁ ከወደቀ፣ ልጁ መሬት ተቀምጦ ብቻ እንዲዳብሳት ይወሰን። ለመታቀፍ ለሚፈልግ ልጅ ጥንቸል ቅር ታሰኛለች፤ ይህን ያኔውኑ መንገር ይሻላል።

የምትመጣበት ቀን

ከሻጩ ዘንድ ትበላው ከነበረው አንድ እፍኝ ይዘው ይምጡ፤ ምግብ በአንድ ቀን አይቀየርም፣ ከአዲሱ ጋር እየደባለቁ በሳምንት ያሸጋግሯት። ጥጓ ውስጥ አስገብተው ይተዋት፣ ጎረቤት እንዲያያት አይጥሩ። በማግሥቱ ጠዋት ሳፋውን ይመልከቱ፦ ድርቆው ቀንሶ፣ ደረቅ ክብ ፍግ ተበትኖ ካገኙት ደህና ነች። ድርቆው እንዳለ ከሆነ፣ ፍጉም ከሌለ ወይም እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ካነሰ፣ ቡናው እስኪፈላ ሳይጠብቁ ያነጋገሩት ሐኪም ዘንድ ይዘዋት ይሂዱ።