የጀርባ ዕጢን «በትንሽ ቀዳዳ» ለማስወጣት ከመወሰናችሁ በፊት

ነርስ ነኝ፤ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። ካንሰር ያልሆነ ዕጢ አከርካሪው ላይ የተገኘበት ሰው ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ቀዳዳው ስንት ሴንቲ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ብሆን «ዕጢው የት ጋ ነው ያለው?» ብዬ እጀምር ነበር።

ህብለ ሰረሰር ዱራ በሚባል ጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሏል። ዕጢው ከዱራ ውጭ ወይም አጥንቱ ላይ ከሆነ በኢንዶስኮፕ ሊወጣ ይችላል። ይሄ ካሜራና መብራት ያለው፣ ከእርሳስ ብዙም የማይወፍር ቱቦ ነው። ቆዳው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይከፈታል። ሐኪሙ ስክሪኑን እያየ በዚያው ቱቦ መሣሪያውን ያስገባል፤ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ሳያቋርጥ እየፈሰሰ ደሙን ያጥብለታል። ጡንቻው ብዙ ስለማይነካ ሕመምተኛው ቶሎ ይነሳል።

ዱራ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ከነርቭ ሽፋን የሚነሳው ሽዋኖማና ከህብለ ሰረሰር ሽፋን የሚነሳው ሜኒንጂዮማ የሚባሉት ዕጢዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ናቸው። ዱራው ተከፍቶ፣ ዕጢው ወጥቶ፣ ፈሳሽ እንዳያሳልፍ ተደርጎ መሰፋት አለበት። በጠባብ ቱቦ ውስጥ መርፌና ክር ማዞር ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ የሚሰፋ ቱቦና ማይክሮስኮፕ ይመርጣሉ፤ አለዚያም በተለመደው መንገድ ይከፍታሉ። እንዲህ ያላችሁን ሐኪም ኋላ ቀር ነው ብላችሁ አትሽሹት።

ለመሆኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ወይ? ሄማንጂዮማ (የደም ሥር ዕጢ) ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ አከርካሪው ላይ አለበት፤ አብዛኛው ምንም አይደረግለትም። ወጣት ልጅ ሌሊት ሌሊት ጀርባውን እያመመው በአስፕሪን ወይም በአይቡፕሮፌን ከተሻለው ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ (ትንሽ የአጥንት ዕጢ) ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩት። እሱ ከነርቭ ራቅ ካለ ያለ ኦፕራሲዮን በመርፌ በሙቀት ማቃጠልም ይቻላል። ወጌሻ ጋ ግን አትውሰዱት፤ ዕጢ ታሽቶ አይሟሟም።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ የኤምአርአዩን ሲዲ ያዙ። አንድ አባት ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፈው በስልክ ያነሱትን ፎቶ ይዘው መጥተው ነበር፤ ከዕጢው ይልቅ የመስኮቱ ብረት ጎልቶ ይታያል። በዚያ ማንም አይወስንም። የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ሁሉ ጻፉ፤ በተለይ ደም የሚያቀጥኑትን አስፕሪንና ዋርፋሪን። ሐኪሙ ሳይላችሁ ግን አታቋርጡ። ደግሞ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ዱራው ይከፈታል? ዕጢው ሙሉ ለሙሉ ይወጣል? መሃል ላይ ካልተሳካ ወደ ክፍት ኦፕራሲዮን ትቀይራላችሁ? እንዲህ ያለ ስንት ሠርተዋል?

ቤት ከገባችሁ በኋላ ቁስሉ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ካወጣ፣ ወይም ራስ ምታቱ ሲቀመጡ ብሶ ሲተኙ ከቀለለ ዱራው እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ ደውሉ። እግር ከሰነፈ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የወጣው ዕጢ በላቦራቶሪ የተመረመረበትን የፓቶሎጂ ውጤትም ሄዳችሁ ተቀበሉ፤ ዕጢው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ እሱ ነው። ክትትሉ በየስንት ጊዜው እንደሚሆንም ሐኪሙ የሚወስነው ያንን አይቶ ነው።