ዲሲ ለገባችሁ፦ ስለ መንጃ ፈቃድ እና ስለ ሐውልቱ

ዲሲ ስትገቡ «ዲኤምቪ» የሚለውን ቃል በሁለት ትርጉም ትሰማላችሁ። አንደኛው ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን አንድ ላይ መጥሪያ ነው። ሌላው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ የምትሄዱት ወደዚህኛው ነው።

ነዋሪነታችሁ ዲሲ ከሆነ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ትችላላችሁ። 25 ጥያቄ ነው፤ ለማለፍ 20 መመለስ አለባችሁ። ይህን ሳያውቁ በእንግሊዝኛ የሚቀመጡ ልጆች አያለሁ፣ ያሳዝነኛል። እባካችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚያ የምትኖሩ የእነሱን አጣሩ።

አዲስ አበባ ስንት ዓመት ነድቻለሁ ብላችሁ ደግሞ አትዘናጉ። ፍጥነት የሚለካው በማይል ነው፤ 25 ማይል ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። የስቶፕ ምልክት ጋ ስትደርሱ መንገዱ ጭር ቢልም ጎማው ጨርሶ መቆም አለበት። እኔ የመንዳት ፈተናውን የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ሰው የለም ብዬ ቀዝቀዝ አድርጌ አለፍኩ። ፈታኟ ምንም አላለችኝም፤ ወረቀቷ ላይ ጫር አደረገች። በቃ።

ፈቃዱን ካወጣችሁ በኋላ ደግሞ መንገድ ላይ ፍጥነት የሚቆጣጠር ካሜራ አለ። ከተፈቀደው ፍጥነት በ11 ማይል ካለፋችሁ የ100 ዶላር ቅጣት በፖስታ ይመጣል። በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈላችሁ እጥፍ ይሆናል። የአንድ ቀን ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ታክሲ ወይም ኡበር እንጀምራለን። ታዲያ የዚህን ከተማ ሐውልቶች ማወቅ ይጠቅማችኋል። የሊንከን መታሰቢያም ሆነ የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች መግቢያ አያስከፍሉም። ገንዘቡ ዙሪያውን ነው፦ እንግዳው ሆቴል ይይዛል፣ ይበላል፣ መኪና ይጠራል። መጋቢት ላይ የቼሪው አበባ ሲፈካ መንገዱ በእንግዳ ይሞላል፤ እኛም ጥሩ እንሠራለን።

ከሁሉም የምወደው ለመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ለጆርጅ ዋሽንግተን የቆመው ረጅሙ የዋሽንግተን ሐውልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 በሕዝብ መዋጮ ተጀመረ። በ1854 ገንዘቡ አለቀና ከ20 ዓመት በላይ ጅምር ሆኖ ቆመ። ኋላ መንግሥት ተረክቦ በ1884 አስጨረሰው። ቀና ብላችሁ እዩት፤ 150 ጫማ ገደማ ላይ የእብነ በረዱ ቀለም ይለወጣል። ሥራው ሲቀጥል ድንጋዩ የመጣው ከሌላ ካባ ስለነበር ነው። በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሰነጠቅም ዴቪድ ሩበንስታይን የተባለ ባለሀብት 7.5 ሚሊዮን ዶላር ለጥገናው ሰጠ።

ተሳፋሪ ስይዝ ያቺን የቀለም መስመር በመስኮት አሳያለሁ። እዚሁ ተወልደው ያደጉት ሳይቀሩ «ይህን አላየሁም ነበር» ይሉኛል። የእረፍት ቀናችሁ ሲሆን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡበት። የዕለቱ ትኬት እዚያው በነጻ ይሰጣል፤ በጠዋት መሰለፍ ብቻ ነው።