ፕሮሎግና ኒውራል ኔትወርክ በአንድ ሲሙሌሽን ውስጥ ሳይግባቡ ሲቀሩ፦ ችግርና መፍትሔ

ከሚቃጠል ሕንፃ የሚወጡ ሰዎችን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳይ ሲሙሌሽን እንውሰድ። የእያንዳንዱ ወኪል (በሲሙሌሽኑ ውስጥ አንድን ሰው የሚወክለው አካል) ኒውራል ኔትወርክ፣ ማለትም ከምሳሌዎች የሚማር ፕሮግራም፣ ከፊቱ ያለውን ምስል አይቶ ጭስ መኖሩን ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይገምታል፤ በየት በኩል እንደሚወጣ የሚወስኑት ደግሞ በፕሮሎግ (ከእውነታዎችና ከደንቦች ተነሥቶ መልስ በሚፈልግ የፕሮግራም ቋንቋ) የተጻፉ ደንቦች ናቸው። ስህተቱን አዘውትሬ የማገኘው ቁጥሩ ወደ ቃል በሚለወጥበት መጋጠሚያ ላይ ስለሆነ ፍለጋዬን ከዚያ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ ወኪሉ ዓይኑ እያየ ጭስ ወዳለበት ኮሪደር ይገባል።

ምክንያት፦ «ጭስ ከሌለ እለፍ» የሚል ደንብ ተጽፏል። ፕሮሎግ ማረጋገጥ ያልቻለውን ነገር እንደሌለ ይቆጥራል። «ጭስ አለ» የሚባልበት ወሰን 0.5 ሆኖ ኔትወርኩ 0.48 ብሎ ቢያመነታ «ጭስ አለ» የሚለው እውነታ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበው ደግሞ «የለም» ተብሎ ይነበባል። ጥርጣሬው ሳይታወቅ ወደ እርግጠኝነት ተለወጠ። ሰው ከእሳት እንዴት እንደሚያመልጥ ለማጥናት በሚሠራ ሲሙሌሽን ውስጥ ከዚህ የከፋ ስህተት አላውቅም።

መፍትሔ፦ እውነታዎቹን ሦስት አድርጓቸው። ለምሳሌ ከ0.8 በላይ «ጭስ አለ»፣ ከ0.2 በታች «ጭስ የለም»፣ በመካከል ያለው «አልታወቀም» ይባል። የማለፊያው ደንብ «ጭስ የለም» የሚለውን በግልጽ ይጠይቅ። ላልታወቀውም የራሱን ደንብ ጻፉለት፤ እኔ ወኪሉ ባለበት ቆሞ ደግሞ እንዲያይ አደርጋለሁ። ወሰኖቹን ከመምረጣችሁ በፊት ግን ኔትወርኩን ባልሠለጠነባቸው ምስሎች ፈትኑት። 0.8 ካላቸው 10 ምስሎች ጭስ ያለባቸው 5 ብቻ ከሆኑ ቁጥሩ ሊታመን አይችልም፤ መጀመሪያ እርሱ ይስተካከል።

ምልክት፦ ጭሱ ከጠፋ በኋላም ወኪሉ ኮሪደሩን ይሸሻል። በ«አሰርት» (እውነታን በሚመዘግበው የፕሮሎግ ትእዛዝ) የተመዘገበ እውነታ በራሱ አይጠፋም፤ ፕሮሎግ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ አማራጭ ሲሞክር እንኳ አይሰርዘውም። በየዙሩ መጀመሪያ የወኪሉን የቆዩ ምልከታዎች በሰራዡ ትእዛዝ በ«ሪትራክት ኦል» አጽዱ።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ ደርቆ ይቀራል። ኮሪደሮቹ ዞረው የሚገናኙ ከሆነ መንገድ ፈላጊው ደንብ ራሱን ያለማቋረጥ ይጠራል። ስዊ ፕሮሎግ በተባለው የፕሮሎግ ዓይነት ለዚያ ደንብ ቴብሊንግን (የተገኙ መልሶችን መዝግቦ ያንኑ ጥሪ ከመድገም የሚያድን ዘዴ) ማወጅ ይረዳል።

ምልክት፦ ኔትወርኩን ወኪሎቹ በሚያገኙት ውጤት ለማሠልጠን ሲሞከር ስህተቱ አይቀንስም። ምክንያቱ ቁጥሩ በወሰን ሲቆረጥ ግራዲየንቱ፣ ማለትም ኔትወርኩ ወዴት መስተካከል እንዳለበት የሚነግረው መጠን፣ ዜሮ መሆኑ ነው። ቀላሉ መንገድ ኔትወርኩን ጭስ መኖር አለመኖሩ አስቀድሞ በተጻፈባቸው ምስሎች ለብቻው ማሠልጠን ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው ዲፕፕሮብሎግ፣ ኒውራል ኔትወርክን ከፕሮሎግ መሰል ደንቦች ጋር የሚያጣምር ሥርዓት፣ ፕሮባቢሊቲውን (የመሆን ዕድሉን) ሳይቆርጥ በደንቦቹ ውስጥ ያሳልፋል፤ ነገር ግን ስሌቱ ከባድ ስለሆነ በጥቂት ወኪሎች ጀምሩ።