ሜዲካል ስኩል በድጋሚ ሳመለክት የቀየርኩት

አሜሪካ ውስጥ ሜዲካል ስኩል አመልክታችሁ መልሱ "አልተቀበልንም" የሆነባችሁ ልጆች፣ በሚቀጥለው ዙር እኔን ያስገባኝን ልንገራችሁ።

የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናውን፣ ኤምካትን፣ እንደገና አልተፈተንኩም። ከ528 ያገኘሁት ለመረጥኳቸው ትምህርት ቤቶች ይበቃ ነበር። በድጋሚ መፈተን የሚያዋጣው የልምምድ ውጤታችሁ በግልጽ ከፍ ሲል ብቻ ይመስለኛል። አንዱን የቅበላ ክፍል በኢሜይል አስተያየት ስጠይቅ፣ ከታካሚ ጋር ያሳለፍኩት ጊዜ ትንሽ ነው አሉኝ። ሁሉም አይመልሱም፤ ግን ጠይቁ።

ስለዚህ የነርስ ረዳትነት ሰርተፊኬት አውጥቼ አረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጠርኩ። ሰው ማጠብ፣ ማጉረስ፣ የደም ግፊት መለካት፣ ሌሊቱን ሙሉ መጠራት። እዚህ አገር ስንት እናቶቻችን ልጅ ያሳደጉበት ሥራ ነው! ከላብራቶሪ ይልቅ ሐኪም መሆን እንደምፈልግ ያረጋገጠልኝ እሱ ነው።

ለምን ሐኪም መሆን እንደምፈልግ የሚገልጸውን የማመልከቻ ጽሑፍም ከባዶ ጀመርኩት። አምካስ (ለብዙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ላይ የሚመለከትበት ሥርዓት) ባዶ ቦታን ጨምሮ 5,300 ፊደል ነው የሚፈቅደው፤ የልጅነት ሕልሜን አውጥቼ በሥራው ያየሁትን አስገባሁበት። ማመልከቻው ላይ ሥራና ተሳትፎ ከሚዘረዘርባቸው 15 ቦታዎች በሰፊው ማብራራት የሚቻለው 3ቱን ነው፤ አንዱን ለዚሁ ሥራ ሰጠሁት።

ማመልከቻውን ማስገባት እንደተፈቀደ ላክሁ። ትራንስክሪፕት ማጣራቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት ማመልከቻው በደረሳቸው ቅደም ተከተል ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን ከክረምቱ (ከሰመር) በፊት ለምኗቸው።