የኦሪገንን ባህር ዳርቻ በዊንተር ፎቶ ስታነሱ

ዊንተር ሲባል በረዶ እንዳትጠብቁ፣ ኦሪገን (አሜሪካ ውስጥ በምዕራብ በኩል ያለች ግዛት) ባህሩ ዳር ባብዛኛው ዝናብና ንፋስ ነው። እሱ ደሞ ለፎቶ አሪፍ ነው ምክንያቱም ደመናው ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ጫካውም እርጥብ ሲሆን አረንጓዴው ይደምቃል። ፖላራይዘር ፊልተር ካላችሁ ግጠሙት፣ ቅጠሉና ድንጋዩ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ይቀንስላችኋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሄሴታ ሄድ ጀምሩ፣ ባህሩ ዳር ያለ ገደላማ ቦታ ነው። የመርከብ መብራት ማማው በ1894 ነው መጀመሪያ የበራው፣ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ደግሞ በደቡብ በኩል ሃይዌይ 101 ዳር ካለው መቆሚያ ነው (የተለመደ ነው ግን ቆንጆ ነው፣ አታፍሩ)። ትንሽ ራቅ ስለሚል ዙም ሌንስ ያስፈልጋል። ችግሩ ነጭ ግድግዳ ከጥቁር ጫካ ጋር ሲሆን ካሜራው ይሸወዳል፣ አውቶ ላይ ከተዋችሁት ነጩ ይቃጠላል (ዝርዝሩ ይጠፋል)፣ ስለዚህ ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ ያህል (ብርሃኑን በግማሽ) ቀንሱና በRAW (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሱ፣ ጥላውን ኋላ ኤዲት ስታደርጉ ታወጡታላችሁ። ዲሴምበር ላይ ፀሐይዋ በፈረንጅ አቆጣጠር 5 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ ግን ወዲያው አትሂዱ፣ ሰማዩ ሰማያዊ እያለ ነው መብራቱ የሚያምረው።

ለማዕበሉ የሹተር ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ጠብታውን ያቆመዋል፣ ግማሽ ሰከንድ በትሪፖድ ደግሞ ውሃውን እንደ ክር ይስበዋል።

ወደ አሸዋው ከወረዳችሁ ባህሩን ጀርባ አትስጡት፣ እዚያ ሳይታሰብ ሩቅ ድረስ የሚመጣ ማዕበል አለ፣ ባህሩ አሸዋው ላይ የጣለው ግንድ ላይም አትቁሙ፣ ውሃው ያንከባልለዋል። ሌንሱ ላይ የጨው ውሃ ስለሚረጭ ሁለት ሦስት ደረቅ ጨርቅ ኪሳችሁ ይኑር።